የፊቷ ቅጂዎች

አራሚዋ የገዛ ፊቷን ከማየቷ በፊት ከሥሩ የሰፈረውን ጽሑፍ አረመች።

ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱም ረፋድ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ወላጆች ሕፃናትን ከቤት ውስጥ አደጋ እንዴት እንደሚጠብቁ የምታስተምር፣ በየትምህርት ቤቱ ልትታደል የተሰናዳች አንዲት ስስ መጽሐፍ ይዟል። የማረሚያ ቅጂዋ እንደ ወትሮው ገጽ በገጽ ታትሞ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሙያ የኖረ ዐይን ሥዕል አያይም፤ ጥሬ እንደምትለቅም ዶሮ ከፊደል ፊደል እየዘለለ የጎደለውን ይሞላል፣ የተረፈውን ይነቅላል፣ ትርጉሙን ግን ለባለቤቱ ትቶ ያልፋል። «እኔ ለአንባቢ መንገድ ጠራጊ ነኝ እንጂ አንባቢ አይደለሁም» ትላለች ስለ ሥራዋ ሲጠይቋት፤ የምትቀልድ ይመስላቸዋል።

በገጽ ሃያ ሁለት፣ ከአንድ ፎቶግራፍ ግርጌ፣ «የሁለት ዓመት ሴት ልጇ የመጥበሻ እጀታ ስባ የፈላ ዘይት የደፋችባት እናት» ይላል። በመካከሉ አንዲት ፊደል ሁለት ጊዜ ተጽፋለች። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘቻት፤ በኅዳጉ ምልክቷን አኖረች፤ ወደ ቀጣዩ አንቀጽ ልትሻገር ስትል እጇ ደረቀ። ነገሩን ታውቀዋለች። ከገዛ እህቷ ሌላ ለአንድ ሰው ብቻ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ቀን ብቻ የተናገረችው ነው።

ቀና ብላ ፎቶውን አየችው። ግራ ጉንጩ የተገሸለጠ፣ አንድ ዐይኑ በዕብጠት የተደፈነ፣ ከንፈሩ ወደ ጎን የተሳበ ፊት መልሶ ያያታል። በተቃጠለችበት ዘመን መስተዋት የተባለን ሁሉ ከቤቷ አስወጥታ ስለ ነበር ይህን ፊት ከዚህ በፊት አይታው አታውቅም። የለየችው ከቀኝ ጆሮው ሥር፣ ዘይቱ ሳይደርስባት በቀረችው፣ ማርያም በሳመቻት ጥቁር ነጥብ ነው።

ወረቀቱን ይዛ ወደ ገጽ ቀናጁ ክፍል ሄደች። ገጽ ቀናጁን ማተሚያ ቤቱ በሙሉ «ምስጥ» ይለዋል፤ ወረቀት ባለበት ሁሉ ስለሚገኝ፣ ያገኘውንም ሁሉ አንብቦ ስለሚጨርስ ነው። የአምስት ልጆች አባት፣ ራሰ በራ፣ ለቀልድ እንጂ ለቁም ነገር የማይቸኩል ሰው ነው።

«ይህን ፎቶ ከየት አመጣኸው?»

«ከየት ይመጣል? ከኢንተርኔት ነዋ! ደራሲው ‹አስደንጋጭ ይሁን› አለኝ፣ አስደንጋጭ አመጣሁለት። ምነው፣ ጥራቱ ወረደ እንዴ?»

«ከኢንተርኔት የት?»

«አንድ የቆዳ ቀዶ ሕክምና ክሊኒክ ገጽ ላይ። ‹በፊት› እና ‹በኋላ› እያሉ ጎን ለጎን ያስቀምጡ የለ? እኔ ‹በፊት›ን ወስጄ ‹በኋላ›ን በቅጡ ሳላያት ቆረጥኳት። እሷ ማንን ታስደነግጣለች ብለሽ ነው?» ብሎ ሊስቅ ሲል ፊቷን አየና ተወው። «እሜቴ፣ ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ።»

«የቆረጥካትን አሳየኝ።»

ከፈተው። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ «በኋላ» የተባለችው ሴት በደንብ ተጠግና፣ ጥቂት ፈገግ ብላ፣ ከጉንጯ እስከ አንገቷ በወረደ ፈዛዛ ጠባሳ ተቀምጣለች። ምስጥ ወደ መስኮቱ አየ፤ አጠገቡ ወደ ቆመችው ሴት አየ፤ እንደገና ወደ መስኮቱ አየ።

«ኧረ እኔ ልደፋ!» አለ በሹክሹክታ።

የፎቶውን ቦታ በእጅ የተሣለ የመጥበሻ ሥዕል እንዲይዘው በዚያው ተስማሙ። መጽሐፏ ገና አልታተመችምና ያ ቀላል ነበር። ሌላው ግን ቀላል አልነበረም።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አራሚዋ ድንች እየጠበሰች ነበር። ባሏ ልጅቷ ሳትወለድ በሞት ተለይቷታል፤ ቤቱ የሁለቱ ነው። ሕፃኗ ከኋላዋ ዱብ ዱብ እያለች መጥታ ከምድጃው ጠርዝ ወደ ውጭ የወጣውን እጀታ ስትጨብጥ እናቲቱ ዞር ብላ አየቻት። የቀራት ጊዜ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ልጅቷን በሆዷ ሸፍና ፊቷን ለዘይቱ ሰጠች። በሕፃኗ ላይ አንዲት ጠብታ አላረፈችም።

ልጅቷ አምስት ዓመት ሲሆናት ጣቷን በእናቷ ጉንጭ ላይ አድርጋ «ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» ብላ ጠየቀች። «ምንድን ነው» አላለችም፤ «ማነው» ነው ያለችው። እናት ከአፏ የመጣላትን ሰጠቻት፤ «ምድጃው ፈንድቶ ነው» አለች። ልጅቷም ለብዙ ሳምንታት በማድ ቤቱ ባለፈች ቁጥር ምድጃውን በእርግጫ እየመታችው ታልፍ ነበር። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ግን የትኛዋ እናት ናት የአምስት ዓመት ልጅ ፊት ቆማ «አንቺ ነሽ» የምትል? በስድስት ዓመቷ ይነገራታል ተባለ፤ በስምንት ዓመቷ ይሻላል ተባለ፤ አሁን አሥራ ሦስት ሆናለች። ከእንቅስቃሴዋ ፍጥነት የተነሣ «ድንቢጥ» የምትባል፣ ያየችውን የማትረሳ፣ ነገር አንዴ ከያዘች የማትለቅ ልጅ ወጥቷታል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስልክ ይገዛላታል ተብሎ ቃል ተገብቷል። ለመዘጋቱ ሦስት ሳምንት ቀርቷል።

በማግስቱ አራሚዋ ክሊኒኩ ሄደች። ሐኪሙ አርጅቷል፤ እጆቹ ግን እንደ ድሮው ንጹሕና እርግጠኛ ናቸው። ገና ከበሩ ስትገባ አገጯን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞራት።

«እንዴት ያለ ሥራ ነው የሠራሁት! ይመልከቱ፣ ከንፈርዎ እንዴት እንደ ገጠመ! ይህን ዛሬ ማን ይሠራዋል?»

«ዶክተር፣ እጅዎ ይባረክ። የመጣሁት ግን ፎቶዬን ከኢንተርኔት ላይ እንዲያወርዱልኝ ነው።»

የሐኪሙ እጅ ወረደ። «ፈቅደዋል እኮ።»

«አልፈቀድኩም።»

ጸሐፊዋን ጠርቶ መዝገቡን አስመጣ። ከመዝገቡ ውስጥ አንድ የተወየበ ወረቀት ወጥቶ በፊቷ ተዘረጋ። ገና ሳታነበው ቀለሙን አወቀችው፤ የስምምነት ቅጹ ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል።

«ይህችን ወረቀት እዚህ ቤት ምን እንደምንላት ያውቃሉ?» አለ ሐኪሙ ጥቂት ፈገግ ብሎ። «‹የአራሚዋ› ነው የምንላት። እርስዎ ባረሙት መሠረት አስተካክለን እስከ ዛሬ ለሁሉም የምናስፈርመው ይህንኑ ነው። ከእርስዎ በፊትማ ምን እንደሚል ለእኛም አይገባንም ነበር።»

አንቀጽ አራትን አየች። በሕክምናው ጊዜ የተነሡ ፎቶዎችና የጉዳቱ መንስኤ ለትምህርትና ለሕዝብ ግንዛቤ እንዲውሉ ታካሚዋ የፈቀደች መሆኑን ይናገራል። አንቀጹ ሲጻፍ ጭራና ቀንዱ የማይለይ ነበር፤ እሷ ናት የተንዛዛውን ቆርጣ፣ የተዘባረቀውን አቃንታ፣ ማንም ሊስተው በማይችል ጥራት ያቆመችው። ትዝ አላት። ግማሽ ፊቷ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ በአንድ ዐይኗ፣ በማደንዘዣ መርፌና በቀዶ ሕክምና መካከል በነበረች አንዲት ሰዓት ውስጥ፣ ያ የተዝረከረከ አንቀጽ አላስችል ብሏት እስክሪብቶ ለምና ነበር። ሕመም ካልነጠቃት ነገር ማረም አንዱ ነበርና አጥብቃ ያዘችው። ከሥሩም ፈረመች።

«አላነበብኩትም» አለች።

ሐኪሙ ቀያዮቹን ምልክቶች በጣቱ አንድ በአንድ እየነካ ቆጠረ። «ሰባት ቦታ አርመው አላነበብኩትም ይሉኛል?»

«አረምኩት እንጂ አላነበብኩትም።»

ይህ ለሐኪሙ ቀልድ መሰለው፤ ከዚያ ግን ፊቷን ሲያይ እንዳልሆነ ገባው። «በዚህ ፎቶ ስንት ሰው ተስፋ አግኝቶ ወደ እኔ እንደ መጣ ቢያውቁ...» ብሎ ጀመረ።

«ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ምድጃ ፈንድቶ ነው የምታውቀው።»

ሐኪሙ መነጽሩን አድርጎ በራሱ ገጽ ላይ በራሱ ቤት ሰው የተጻፈውን እንደ አዲስ አነበበ። ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«ዛሬውኑ ይወርዳል» አለ። «ከእኛ ወስደው የለጠፉትን ግን... የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እንደሚባለው ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሰው ሲረሳ አብሮት ከተማው ይረሳ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ጎረቤት ይሞታል፣ አሮጌ ጋዜጣ ዕቃ ይጠቀለልበታል፣ ሐሜትም እንደ ማንኛውም ፍጡር ዕድሜው ሲደርስ ይቀበራል። አራሚዋ በዚያ ሳምንት የተረዳችው ነገር መርሳት ራሱ አሁን በማመልከቻ የሚጠየቅ መሆኑን ነው። በምሳ ሰዓት በምስጥ ክፍል ውስጥ፣ ከወረቀት ክምር መካከል፣ ተቀምጠው ይፈልጋሉ። ለኢንተርኔቱ የፍለጋ ማሽን ፊቷን ይሰጡታል፤ ማሽኑም ያንኑ ፊት የያዙትን ቤቶች ይዘረዝርላቸዋል። አሥራ ሰባት ቦታ ተገኘች። አንዱ ጠባሳ የሚያጠፋ ቅባት ይሸጥባታል። አንዱ «ሳትጸልዩ አትለፉ» ይልባታል። ከሁሉ የከፋው ግን ሰዎች የሚከራከሩበት አንድ የውይይት መድረክ ነበር፤ ፎቶውን ከነጽሑፉ አኑሮ «እንዲህ ያደረገች ልጅ ብትሆንባችሁ ምን ትሏታላችሁ?» ሲል ይጠይቃል። ከሥሩ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ፈርዷል። «ጠማማ ልጅ ከሕፃንነቱ ያስታውቃል» ይላል አንዱ። «እኔ ብሆን ዕድሜ ልኬን ነበር የማስታውሳት» ትላለች አንዷ።

«ይህን አታንብቢ» አለ ምስጥ መስኮቱን በመዳፉ እየሸፈነ። «ይልቅ ማመልከቻውን እንሙላ።»

ማመልከቻዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ፎቶው እርቃን ነው ወይ? ዛቻ አለው ወይ? የቅጂ መብት ይነካል ወይ? እያንዳንዱም ፎቶውን አያይዙ፣ የአሁን ፊትዎን አንሥተው ይላኩ፣ መታወቂያ ያቅርቡ ይላል። አንዲት ሴት ፊቷን ለማስጠፋት ፊቷን ለአሥራ ሰባት እንግዳ ሰዎች መልሳ መላክ ነበረባት።

«ሌባ ገባብኝ ብለሽ ፖሊስ ጋ ስትሄጂ ‹እሺ፣ ሌባውን ይዘሽው ነይ› እንደ ማለት እኮ ነው!» አለ ምስጥ።

«አንተ ሳቅ፤ እኔ ልጻፍ።»

ቅባት ሻጩ ቅጽ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ በቀጥታ ጻፈችለት። «ይህች ሴት እኔ ነኝ። ቅባትዎን ተቀብቼ አላውቅም።» በአሥር ደቂቃ ውስጥ ፎቶው ጠፋ፤ ሰውየውም መልስ ሳይሰጥ አብሮ ጠፋ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ አሥራ አራቱ ወረዱ። ሁለቱ እያመነቱ ነበር። የውይይት መድረኩ ግን «ጥያቄዎን መርምረናል፤ ደንባችንን የሚጥስ ነገር አላገኘንም» ሲል መለሰ። እንደገና አመለከተች፤ ያንኑ መልስ፣ ነጥቡ ሳይቀር፣ መልሶ ላከላት።

በዚህ መካከል ነው ታላቅ እህቷ የገባችበት። እትዬ ልበ ሰፊ ናት፤ ችግር ሲሰማት መጀመሪያ እጅጌዋን ትሰበስባለች፣ ነገሩን የምታጣራው በኋላ ነው። አራሚዋ ሆዷ አልችል ብሎ በነገረቻት ዕለት እትዬ ዘመድ አዝማድ የሚገናኝበትን፣ አርባ ሦስት ሰው ያለበትን የስልክ ግሩፕ ከፍታ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ወገኖቼ! ይህን የእህታችንን ፎቶ ማንም እንዳያይ! ያያችሁ ሁሉ ሪፖርት አድርጉ፤ ለምታውቁትም ላኩና ሪፖርት ያድርጉ!» ከሥሩም ፎቶውን ከነጽሑፉ አያያዘች።

«እትዬ፣ ምን አደረግሽ?» አለች አራሚዋ በስልክ።

«ምን አደረግኩ? አርባ ሦስት ሰው አስነሣሁልሽ! ብቻሽን እስከ መቼ ትታገያለሽ?»

«እንዳይታይ የምፈልገውን እኮ ነው የላክሽው!»

«‹እንዳያይ› ብዬ ጽፌአለሁ! ከላይ ነው ያለው፣ አታነቢም?»

«እትዬ... ልጅሽ እዚያ ግሩፕ ውስጥ አለች?»

የእትዬ ልጅና ድንቢጥ እኩያ ናቸው፤ የአንዷ ምስጢር በሌላዋ ሆድ አያድርም።

«አለች» አለች እትዬ በአንድ ጊዜ ያረጀ በሚመስል ድምፅ። «ውይ፣ እኔ ልሙትልሽ! ውይ፣ እጄ በተቆረጠ!»

አጠፋችው። ግን ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ነበር። በሩቅ አገር የሚኖር አንድ አጎት ፎቶውን ብቻ አይቶ፣ የሞተች መስሎት፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፏል።

ከዚያ ቀን ወዲህ በአራሚዋ ቤት ውስጥ ፍርሃት ሕግ አወጣ። ድንቢጥ ቅዳሜ ቅዳሜ አክስቷ ቤት የምትሄደው ቀረ። የቤት ሥራ የምትሠራበት አሮጌ ታብሌት «ተበላሽቷል» ተብሎ ሣጥን ውስጥ ገባ። የተገባው የስልክ ቃል «እናያለን» ሆነ። ልጅቷ ለሦስት ቀን ዝም ብላ ተመለከተች፤ በአራተኛው ቀን፣ እናቷ ልብስ ስታጣጥፍ፣ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምንድነው የምትቀጪኝ?»

«ቅጣት አይደለም።»

«እሺ፣ ስሙ ምንድነው?»

እናት ያጣጠፈችውን ሸሚዝ ዘርግታ እንደገና አጣጠፈችው። ልጅቷ ጥቂት ጠብቃ ሄደች። በዚያች ሳምንት ሁለት ጊዜ ሳይነገራት ሳህን አጠበች፤ አንድ ቀን ደግሞ የጠረጴዛውን መሳቢያ ሁሉ አውጥታ ስታደራጅ ተገኘች። ጥፋቱን የማያውቅ ሰው ያገኘውን ሁሉ ነው የሚክሰው።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው ያመነቱት ሁለቱም ቦታዎች አወረዱት። የቀረው የውይይት መድረኩ ብቻ ሆነ። አራሚዋ ለሦስተኛ ጊዜ ማመልከቻውን ከፈተች። «ሌላ ምክንያት» በሚለው ሣጥን ውስጥ አምስት መቶ ፊደል ብቻ ይፈቀዳል። እስካሁን የጻፈችው ሁሉ ስለ መብት፣ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ግላዊነት ነበር። አሁን ያን ሁሉ ሰርዛ፣ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ስትቆርጥ በኖረችበት እጅ የራሷን እየቆረጠች፣ አንድ የምሳ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። ምስጥ አንዲት ቀልድ አልወጣውም። በመጨረሻ የቀረው ይህ ነበር፦

«ያቺ የሁለት ዓመት ልጅ ዛሬ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ማንበብ ትችላለች። ሁለት መቶ ሰው የፈረደው በእሷ ላይ ነው። ዘይቱን የጣድኩት እኔ ነኝ። እጀታውን ወደ ውጭ አዙሬ የተውኩትም እኔ ነኝ። ልጅ የሚሳብ ነገር ካገኘ ይስባል። መፍረድ ካለባችሁ ትክክለኛውን ሰው ያዙና እሷን ልቀቋት።»

ላከችው። እጀታውን ወደ ውጭ አዙራ መተዋን በወረቀትም በአፏም ከዚያ በፊት ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ለራሷም ቢሆን።

ዓርብ ረፋድ ላይ ምስጥ ሮጦ መጣ። ራሰ በራው በላብ ያበራል።

«የለሽም!» አለ። «በግራ ፈለግኩ፣ በቀኝ ፈለግኩ፣ አገላብጬ ፈለግኩ፤ የለሽም! እንኳን ደስ አለሽ፣ ከምድረ ገጽ ጠፍተሻል!»

«አፈር ብላ» አለች፤ ግን ሳቀች። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

በዚያ ቀን ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ ስልኩን ገዛችና ቤቷ ገባች። በማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የራሷን ስልክ ከፈተች። ለማመልከቻ ስታያይዘው የነበረው ፎቶ ከነጽሑፉ እዚያ አለ። እሷ እስከምታውቀው ድረስ በዓለም ላይ የቀረው ቅጂ ይህ ነው። አውራ ጣቷን «አጥፋ» ከሚለው ላይ አኖረች። የእትዬ ልጅ አላየችም፤ በዚያች ሰዓት ፈተና ላይ እንደ ነበረች እትዬ ምላ ተገዝታ ነግራታለች። አንዴ ብትጫን ምድጃው ለዘላለም እንደ ፈነዳ ይቀራል።

ድንቢጥ የውጤት ካርዷን ይዛ ገባች። ሦስተኛ ወጥታለች። እናቷ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችና ካርዱን አገላብጣ አየች፤ አቅፋ ሳመቻት፤ ከዚያም አዲሱን ስልክ ከነካርቶኑ ገፋ አደረገችላት። ልጅቷ ካርቶኑን አየችው እንጂ አልነካችውም።

«አልፈልግም፣ እማ።»

«ምነው? ስትጠብቂው የኖርሽው አይደለም?»

«ነበር።» የካርቶኑን ጠርዝ በጥፍሯ ጫረች። «አሁን ይቅር ብለሽኛል ማለት ነው፣ አይደል? ያጠፋሁትን ሳላውቅ ይቅር ስባል ደስ አይለኝም። ነገ ደግሜ ባጠፋውስ?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። አራሚዋ የልጇን ፊት አየች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአሥራ ሰባት በር ያባረረችው ነገር ስሙን ሳይናገር ከቤቷ ገብቶ፣ ልጅቷ አጠገብ ተቀምጦ፣ «አጥፍተሻል» ሲላት ከርሟል። ያስገባችውም እሷው ናት።

«ተቀመጪ» አለቻት።

ነገረቻት። አላሳመረችውም፣ አላስረዘመችውም። ድንቹን፣ እጀታውን፣ ወደ ውጭ አዙራ መተዋን፣ ዞር ብላ ማየቷን፣ ከዚያም ፎቶውንና እሱን ከየቦታው ለማስወረድ የደከመችውን ነገረቻት። ልጅቷ አላቋረጠቻትም።

«ምድጃው አልፈነዳም» አለች ሲያበቃ።

«አልፈነዳም።»

«እኔ ነኝ።»

«እጅሽ ነው። አንቺ ገና አንቺ አልነበርሽም፤ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበርሽ። እጀታውን እዚያ የተውኩት እኔ ነኝ።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«አክስትሽ» አለች።

«ሌላስ?»

«ሐኪሙ። ምስጥ።»

«ምስጥ ያውቃል?»

«በቅርቡ ነው... ዘመዶችም። በግሩፑ ላይ አይተዋል።»

«አርባ ሦስቱም?» ልጅቷ ተነሣች። ዕንባ አልነበረም፤ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ብቻ ቆሟል። «የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ ማለት ነው። ያደረግኩት እኔ፣ የማላውቀው እኔ!»

ወጥታ ሄደች። በሩን አልወረወረችውም፤ በዝግታ ዘጋችው፤ ያ ባሰ። አራሚዋ ልትከተላት ተነሥታ መልሳ ተቀመጠች። በደረጃው ላይ የልጅቷ እግር አንድ ፎቅ ወርዶ ሲቆም ሰማች። ከዚያ ወዲያ አልወረደም። የጎረቤት ውሻ ጮኸ፤ አንድ ሰው የገበያ ዘንቢል ይዞ ወጣ፤ «ምነው እዚህ?» ሲል ተሰማ፣ መልሱ ግን አልተሰማም። ሩብ ሰዓት ያህል ሄደ። ሩብ ሰዓት እንዴት ያለ ረጅም ነገር ነው!

ተመልሳ ስትገባ ፊቷ ታጥቦ አልደረቀም።

«አሳዪኝ።»

«ምኑን?»

«ፎቶውን። ሁሉም ያየውን።»

እናት ስልኩን ገልብጣ ሰጠቻት። ልጅቷ ቆማ አየች። ለረጅም ጊዜ አየች፤ ጽሑፉን አነበበች፤ እንደገና ወደ ፊቱ ተመለሰች።

«አሞሽ ነበር?»

ስትጠይቃት ሁሉ «ብዙም አላመመኝም» ነበር መልሱ፤ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ። «በጣም» አለች እናት። «ስሜን እስክረሳ ድረስ።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ የምትፈልገውን መልስ ሳይሆን የምታምነውን መልስ እንዳገኘ ሰው።

«አሁን እናጥፋው?» አለች እናት እጇን እየዘረጋች። «የቀረው ይኸው ብቻ ነው። ከፈለግሽ ራስሽ አጥፊው።»

«አታጥፊው። ላኪልኝ።»

«ልጄ፣ ይህን ለማጥፋት ስንት...»

«አውቃለሁ፤ ነግረሽኛል።» ካርቶኑን ስባ መክፈት ጀመረች፤ ላስቲኩ እምቢ ሲላት በጥርሷ ቀደደችው። «ግን እኔም አለሁበት።»

ለአዲሱ ስልክ ገና ቁጥር አልወጣለትም። ስለዚህ በብሉቱዝ፣ ሁለቱን ስልኮች በማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ አሳለፉት። እናት ጣቷ ከቁልፉ ላይ ቆይቶ ነበር፤ ልጅቷ አላጣደፈቻትም።

ሲደርስ ድንቢጥ ስልኩን ይዛ ወለሉ ላይ፣ ጀርባዋን ለቁም ሣጥኑ ሰጥታ ተቀመጠች። በሁለት ጣቷ ምስሉን አሰፋችው። ወደ ተቃጠለው ጉንጭ አልሄደችም። ወደ ታች፣ ወደ ምስሉ ጠርዝ ወረደች፤ ከዚያም በዝግታ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እዚያ እንደሌለች የምታውቃትን አንዲት ትንሽ እጅ የምትፈልግ ይመስል፣ መመልከት ቀጠለች።